ርብቃ ገበያ የወጣችበት ሐሙስ

ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች እፎይታ አልሰጡኝም። «አዞ አየሽ ወይ? ሙዙ እንደሚባለው ነው? ሙቀቱንስ እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል። አዞ አላየሁም። ሙዙ ከሚባለውም ይበልጣል። ሙቀቱን አልቻልኩትም። ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። በቃል ልነግራቸው ስጀምር አንዷ ታቋርጠኛለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ መጨረስ አቃተኝ። ስለዚህ ይኸው ጽፌዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ አንብቡት።

የሄድኩት ለአንዲት ሙሽራ ስል ነው። ወጣት ሳለን እኔና ባለቤቴ ተፈራ አርባ ምንጭ አስተማሪዎች ነበርን፤ እኔ ታሪክ፣ እሱ ሒሳብ። ከተማሪዎቼ አንዷ ታደለች ናት። ዛሬ ዶርዜ ላይ ራሷ አስተማሪ ናት፤ በየበዓሉ ስትደውልልኝ ኖራለች። ልጅ እላታለሁ እንጂ ጸጉሯ እንደኔው ሸብቷል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደውላ «ቲቸር፣ ልጄን ርብቃን ድሬያታለሁ። ሠርጉ ላይ ባይደርሱም ለሶፌው ይምጡልኝ» አለችኝ። ሶፌ በጋሞ ደጋ አዲስ ሙሽሮች ከመስቀል በኋላ አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ አጊጠው፣ ገበያ መሃል ወጥተው ለሕዝብ የሚታዩበት ቀን ነው። ጸሎት ቤት የተጋቡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አይተዉትም። አንዲት ሴት ሚስት መሆኗን አገር የሚያውቅላት ያን ቀን ነው።

ተፈራ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ከከተማዬ ወጥቼ አላውቅም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ከባድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለሙሽራዋ ገዝቼ፣ ሹራቤን ደርቤ ተነሣሁ።

ሰኞ

አዲስ አበባ እኅቴ ቤት አድሬ በማለዳ የሶዶ አውቶቡስ ያዝኩ። ልጆቼ በአውሮፕላን ካልሄድሽ ብለው ተጨቃጭቀውኝ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ማየት ፈለግኩ። ከቡታጅራ ወዲያ የእንሰቱ አገር ሲጀምር ልቤ ደስ አለው። እኛ ዘንድ ጓሮ ማለት ጎመንና ድንች ነው፤ እዚህ እንሰቱ ቤቱን ከቦ ይውጠዋል። ተፈራ «እዚህ አገር ሌባ አይኖርም፤ ቢገባም እንሰቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል» ይል ነበር። ይህ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ በዓይናቸው ጠርዝ አዩኝ።

ሆሳዕናን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ንፋስ አልነበረውም። ረዳቱ በሞተር ሊያስነፋ ሲሄድ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን። ጎረቤቴ የስልጤ ነጋዴ ነበሩ፤ ጫማ ጭነው ወደ ሶዶ የሚወርዱ። አንዱን ካርቶን ከጣሪያ አስወርደው ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀመጡልኝና «እናቴ፣ ጫማው ቢጨማደድ ይጨማደድ፣ እርስዎ ብቻ አረፍ ይበሉ» አሉኝ። ጫማውን እንዳላበላሽባቸው ስል ሙሉ ክብደቴን ሳልጥል ተቀመጥኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል። የኋላ ኋላ ሶዶ ስንገባ መሽቶ ነበር። አልጋ የያዝኩበት ቤት ውኃ አልነበረም፤ ባለቤቷ ከራሷ በርሜል ቀድታ፣ አሙቃ በባልዲ አመጣችልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለማላውቀው እንግዳ ይህን አደርግ እንደሆን ራሴን ጠየቅኩ።

ማክሰኞ

ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ቀጥዬ ነጠላዬን። ሌላ የማወልቀው ባለመኖሩ በላብ ተጠመቅኩ። አባያ ሐይቅ ያው ወተት የነካው ሻይ መስሎ ብቅ ሲል ዕንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ያስለቅሰኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ታችኛዋ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ያኔ በእግራችን ወዲያና ወዲህ የምንልባት ሠፈር ነበረች። ዛሬ ባጃጁ መተንፈሻ አይሰጥም። ወደ ላይኛው ሠፈር ወደ ሴቻ በሚኒባስ ወጥቼ ገደሉ ጫፍ ያለ ሆቴል ያዝኩ። ሻንጣዬን አስቀምጬ፣ ከእኅቴ ቤት የያዝኩትን ድፎ ዳቦ በረንዳው ላይ ፈታ አድርጌ ሁለቱን ሐይቆች ቁጭ ብዬ ሳይ፣ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከአጥሩ ላይ ዘሎ ወረደና ድፎውን በሁለት እጁ አቅፎ ሄደ። አልሮጠም እንኳ። አስተናጋጇ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ «ኧረ አይዞዎት! የእርስዎ ደህና ነው፤ ትናንት የአንዱን እንግዳ ባርኔጣ አድርጎ ነው የሄደው» አለችኝና ከወጥ ቤት ዓሳ ለብለብ አመጣችልኝ። «ይሄ ከኛ ነው፤ ዝንጀሮው የኛ ሰፈር ልጅ ስለሆነ» አለች። እንዲህ ያለ ካሣ የትም አይገኝም።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ቤታችንን ፈለግኩት። ፈርሶ ባለፎቅ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ግን አለ። የአጥሩን ብረት ይዤ ስቆም ያ ክፍል በዓይኔ መጣ፦ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ ሲያንጎላጁ። እነሱን ለመቀስቀስ ነበር የፈረንሳይዋን ንግሥት ታሪክ የጀመርኩላቸው።

ታሪኳ ይህ ነው። በመካከለኛው ዘመን አንድ የፈረንሳይ ንጉሥ ሚስቱ ሞተችበትና ከዴንማርክ የንጉሥ ልጅ አስመጣ። ገና ልጅ እግር ነበረች፤ ቋንቋውን አታውቅም። ሠርጉ ተደገሰ። በማግስቱ ዘውድ ስትደፋ ንጉሡ አጠገቧ ቆሞ ፊቱ ነጣ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ሥርዓቱ እንዳበቃም መልሷት አለ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጳጳሳቱ ተሰብስበው የትውልድ ሐረግ ቆጠሩለትና ከሟች ሚስቱ ጋር ትዛመዳለች፣ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም አሉ። እሷ ግን የሆነው በአስተርጓሚ ሲነገራት አልቅሳ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ይግባኝ አለች። አልሄድም፣ ሚስቱ ነኝ፣ ንግሥት ነኝ አለች። ንጉሡ ሌላ ሴት አገባ፤ እሷን ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከግንብ ወደ ግንብ እያዛወረ ሃያ ዓመት ያህል አሰራት።

ስሟ ለአፍ ስለሚከብድ ልጆቹ «የዴንማርኳ» ብለው አወጡላት። ከዚያ ወዲያ ከምሳ በኋላ የሚተኛ ጠፋ። ተፈራም ማታ ማታ «ሴትዮዋን ከእስር ፈታት ወይስ ገና ነው?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። «ገና ነው» እለዋለሁ። «እንግዲያው እራት አቅርቢ፤ እሷም እስክትወጣ ይርባታል» ይላል። የዚያን ቀን አጥሩን ይዤ ቆሜ ተፈራ ናፈቀኝ። እንዲህ አድርጎ ናፍቆኝ አያውቅም።

ረቡዕ

ወደ ዶርዜ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ነው። ከግማሹ በላይ ጉም ወረደና ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ የሰንበሌጡ ሽታ ሳይቀር የእኛው ነው።

ታደለች መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። አቀፈችኝና ሳትለቀኝ «ቲቸር፣ የነገው ሶፌ ሊቀር ነው» አለች።

ነገሩን እየሄድን ነገረችኝ። ርብቃን ያገባው ሳሙኤል የሚባል፣ አርባ ምንጭ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ዶርዜ እናቱ ግቢ ውስጥ ቤት ሠርቶላት ገብታለች። በሠርጉ በሦስተኛው ሳምንት የሳሙኤል አጎት አቶ ዳና ተነሥተው «የእኛ አያትና የልጅቷ አባት አንድ ጎሳ ናቸው» አሉ። እኛ አገር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እዚህ ግን ቆጠራ የለም፣ አንድ ጎሳ ከሆኑ ሺህ ዓመት ቢራራቁም ወንድምና እኅት ናቸው፤ መጋባት ጎሜ ነው። ጎሜ የሚሉት በአገር ሁሉ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ የሚፈራውን ነውር ነው። ሳሙኤል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአርባ ምንጭ አልወጣም፤ ስልክም አያነሣም። አቶ ዳና ርብቃን ነገሩ እስኪጣራ እናትሽ ቤት ግቢ አሏት።

«ከወጣች አለቀ» አለችኝ ታደለች። «እንዳላገባች ይቆጠራል። ዕድሜዋን ሙሉ ‹ወንድሟን ያገባች› ነው ስሟ። ማን ያገባታል? ማን ቤቱ ያስገባታል? እሷም አልወጣም ብላ ተቀምጣለች። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ይቀመጣሉ።» ዱቡሻ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት መስክ ነው።

እንግዲህ እኔ አንድ ሰው ብቻ ነበር ትዝ ያለኝ። ታደለችም ከፊቴ አነበበችው።

«በዴንማርኳ ታሪክ ነው ያሳደግኳት፤ ስትተኛ እነግራት ነበር» አለች፤ ቀጠል አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ «ቲቸር፣ መጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩበት። ንጉሡ ተጸጽቶ፣ ተንበርክኮ ይቅር በይኝ ብሎ መለሳት አልኳት። ሕፃን ነበረች፤ እንቅልፍ እንዲወስዳት ብዬ ነው። አሁን እሱን ይዛ ነው የተቀመጠችው። እባክዎን መጨረሻውን አይንገሯት።»

ምን ልበላት? እሺም እምቢም ሳልል ደረስን።

የዶርዜን ቤት በፎቶ አይታችሁት ይሆናል፤ ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ከላይ የሾለ፣ ከፊቱ አፍንጫ ያለው። ፎቶው ግን ሙቀቱን አያሳይም። የሳሙኤል እናት እማማ ባሎቴ በሩ ላይ ተቀበሉን። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ «ግባ፣ ግባ እናቴ፣ በርድሃል» እያሉ እጄን በሁለት እጃቸው አሹልኝ። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም በልቤ የአጎትየው ወገን ናቸው ብዬ ቆጠርኳቸው።

ርብቃ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ጥጥ ትፈትላለች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ዓይኗ የእናቷ። ብርድ ልብሱን ስሰጣት ፈገግ ብላ «ይህን ያህል ብርድ አለ ብለው ነው?» አለችኝ። ጥቂት ካወራን በኋላ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ያቺ ንግሥት መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?»

ታደለች ከጎኔ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ይህች ልጅ ነገ የምትቆምበትን መሬት እየጠየቀችኝ ነው።

«ተመለሰች» አልኳት። «የንግሥትነት ስሟ ተመለሰላት፣ ቦታዋም። የሚስትነት ቤቷ ግን አልተመለሰላትም። ንጉሡም የመለሳት ወድዷት ሳይሆን ለመንግሥቱ ጉዳይ ስለበጀው ነው። ልቡን አልሰጣትም።»

«ለምን እንደጠላትስ ነገራት?»

«አልነገራትም። እስኪሞት ድረስ።»

ታደለች ተነሥታ ወጣች። ርብቃ አንገቷን ደፍታ እንዝርቷን አነሣች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«በዚያ ሁሉ ዘመን ማን ነበር ምግብ የሚያመጣላት?» አለችኝ።

ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። «አንዳንድ ቀን ምግብ እንኳ እንደሚጓደልባት ለሊቀ ጳጳሱ አቤት ብላ ነበር» አልኳት።

በዚህ መካከል እማማ ባሎቴ ትኩስ ቆጮ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር በቅጠል ይዘው ገቡ። ርብቃ ፊት አስቀምጠው፣ ለእኔም አቀረቡልኝና፣ እስክትጎርስ ድረስ ቆመው አዩዋት። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ እንደሚያደርጉ ርብቃ በኋላ ነገረችኝ፤ ከልጃቸው ወገን «አውጪያት» የሚል በመጣ ቁጥር ደግሞ «እሷ እየበላ ነው» ብለው ይመልሱታል።

ርብቃ ጎርሳ ስትጨርስ ቆርጣ ተናገረች፦ «እንግዲያው እኔ ሃያ ዓመት አልቀመጥም። ነገን ብቻ ነው የምቀመጠው። ከራሱ አፍ እስክሰማ።»

ያን ማታ ታደለች ቤት አደርኩ። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ ውኃ አሞቀችልኝ፣ ፎሶሴ የሚሉትን የዱቄትና የጎመን ምግብ ሠርታ አበላችኝ፤ ግን አላናገረችኝም። ያኮረፈ ሰው እንዲህ ሲያስተናግድ ያየሁት ጋሞ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ዱቡሻው ያረጁ ዛፎች የከበቡት ለምለም መስክ ነው። ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ዳር። የሚነገረው በጋሞኛ ስለሆነ ታደለች፣ ኩርፊያዋን እንደያዘች፣ ጆሮዬ ላይ ትተረጉምልኝ ነበር። ሳሙኤልም መጥቷል፤ ሽማግሌ ጠርቶት የሚቀር የለም። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ዳና አያታቸው የየትኛው ጎሳ እንደነበሩ ምስክር አቆሙ። ከወዲያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ያ አያታችሁ የልጅቷ ጎሳ ቤት አደገ እንጂ ከእነሱ አልተወለደም። እናትና አባቱ ሲሞቱ አንሥተው አሳደጉት» አሉ። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ፦ ያሳደገ ጎሳ ጎሳ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ግማሹ ይሆናል፣ ግማሹ አይሆንም አለ። እኔ በልቤ የፈረንሳይ ጳጳሳት እንዲህ ሳይሆኑ አልቀሩም አልኩ፤ ልዩነቱ እነዚህኞቹ ንጉሥ አይፈሩም።

የሸንጎው አዛውንት ክርክሩን ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ከተቀመጡበት እርጥብ ሣር ነጭተው ሳሙኤልን ጠሩትና እጁ ላይ አኖሩት። ዱቡሻ ላይ ሣር ይዞ የሚዋሽ የለም፤ ታደለች «ሣሩን የያዘ ሰው ቢዋሽ ጎሜው በእሱ ብቻ አያልቅም፣ በወለደችው እናቱም ላይ ይደርሳል» አለችኝ። ሁላችንም እማማ ባሎቴን አየን። እሳቸው ልጃቸውን ያያሉ።

«ይህን ዝምድና ከሠርግህ በፊት ሰምተኸው ታውቃለህ?» አሉት አዛውንቱ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ፈለገው?»

ሳሙኤል ሣሩን ጨበጠው።

«እኔ ነኝ። አጎቴን መውጫ ፈልግልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ርብቃ ምንም አላጠፋችም። ልቤ ነው እምቢ ያለኝ።»

አዛውንቱ «ጫጉላ ስንመርቅህ ይህ ልብህ የት ሄዶ ነበር?» አሉት። ርብቃ ተጠራች። መጥታ ፊቱ ቆመች፤ የተናገረውን እንደገና እንዲነግራት አዘዙት፤ ነገራት። አንድም ቃል ሳታስቀር አዳምጣው «ይህን ለማለት አያትህን ከመቃብር ማውጣት ነበረብህ?» አለችው።

ፍርዱ አጭር ነበር። ዝምድና የለም፣ ጎሜ የለም። ጋብቻው ጋብቻ ነው። ርብቃ ሚስት ነች፤ መሄድ የፈለገው ሳሙኤል ስለሆነ ከቤቱ የሚወጣው እሱ ነው። የዛሬው ሶፌም የእሷ ነው፤ ከፈለገች ትውጣ።

«እወጣለሁ» አለች ርብቃ። «ዛሬ ገበያ እወጣለሁ። ነገ ከቲቸር ጋር አርባ ምንጭ ወርጄ ሥራ እፈልጋለሁ። ቤቱ ለእማማ ይሁን።»

ታደለች ክንዴን ያዘችኝ። ኩርፊያው በዚያው ቀረ። «ቲቸር፣ ብቻዋን? ባል የሌለው ሶፌ ማን አይቶ ያውቃል? ሰው ይሥቅባታል» አለች። እኔም ፈርቼ ነበር። እማማ ባሎቴን ስፈልጋቸው የሉም፤ ፍርዱ እንዳለቀ ለማንም ሳይነግሩ ተነሥተው ሄደዋል። ልጃቸው የተዋረደባት እናት ናት፣ አይፈረድባትም አልኩ።

ዶርዜ ገበያ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሞላው። ሌሎቹ ሙሽሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ቅቤ አናታቸው ላይ እያበራ፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ይዞራሉ። ርብቃን እናቷ ቤት አለበስናት። የራሷን ፈትል ነው የለበሰችው። ገበያው አፍ ላይ ስንደርስ እናቷ በግራ ቆመች። በቀኝ በኩል ባል የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ልቁምበት አሰብኩና ተውኩት፤ ያ የእንግዳ ቦታ አይደለም። ሴቶች መንሾካሾክ ጀምረዋል። ርብቃ ወደፊት አየች እንጂ እግሯን አላነሣችም።

ያኔ ነው እማማ ባሎቴ ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ የመጡት። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። ርብቃ ፊት ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ቅቤውን አናቷ ላይ አኖሩት፤ እስኪቀልጥም አልጠበቁም፤ ዞረው በቀኟ፣ ልጃቸው ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ቆሙና ክንዷን ያዙ። ታደለች አፏን ይዛ አለቀሰች። ገበያውን መዞር ጀመርን።

በርበሬ ተራውን አልፈን ቅቤ ተራ ስንደርስ አንዲት ሻጭ ጮክ ብላ በጋሞኛ ጠየቀች። ታደለች «ሙሽራው የት አለ ነው የምትለው» አለችኝ በሹክሹክታ። ሁሉም መልሱን ጠበቀ። ርብቃ አፏን ሳትከፍት እማማ ባሎቴ ቀደሙ፤ ታደለች እየተንሰቀሰቀች ተረጎመችልኝ፦

«ወንድ ልጄ ሄዷል። ሴቷ ልጄ ይቻት፤ መርቂልኝ።»

ሻጯ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ከምትሸጠው ቅቤ በጣቷ ቆንጥራ ብድግ አለች።